የእናቴ ጥያቄ በእንጦጦ

በልጅነቴ እንጦጦ ለእኔ ተራራ እንጂ ታሪክ አልነበረም። ከሽሮ ሜዳ በላይ ማለዳ ጉም ለብሶ የሚታይ፣ እናቴ ሌሊት በዐሥራ አንድ ሰዓት ወጥታ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ የምትመለስበት ተራራ ነበር። እኔንና እኅቴን ያስተማረን ያ ሸክም ነው። ዛሬ በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ግጥም እሞክራለሁ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቴን ይዤ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣሁ። በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለውን የዐፄ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ላሳያት አስቤ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ በአቅራቢያው ስትመላለስ አንድም ቀን ገብታበት አታውቅም። ምክንያቱን ስጠይቃት፣ «እንጨት የተሸከመ ሰው ማን ያስገባል ብለህ ነው?» አለችኝ፤ በድምፅዋ ቅሬታ አልነበረበትም።

ዐሥር የምንሆን ጎብኚዎች ነበርን። ወጣቱ አስጎብኚ አንደበቱ የተባ ነው። በሌሎች የአፍሪካ ከተሞች ሰው ቲኬት ቆርጦ የሚጎበኛቸው አሮጌ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ቅኝ ገዢ ያሠራቸው እንደሆኑ፣ ይህ ግን የአገሩ ንጉሥ በአገሩ እንጨት፣ በአገሩ ጭቃና ጭድ ያሠራው ቤት መሆኑን በኩራት ነገረን። ቀጥሎም ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚሁ በእንጦጦ ማርያም በአቡነ ማቴዎስ እጅ ዘውድ መጫናቸውን፣ ከዚያ አስቀድሞ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ የፍል ውሃን አካባቢ ወደው አዲስ አበባ ብለው መሰየማቸውን ተረከልን።

ጎብኚው ፎቶግራፍ ሲያነሣ እናቴ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ኖራው በተላጠበት በኩል ጎንበስ ብላ ጭዱን አየችው። «ጭቃው በደንብ ተረግጧል» አለች ቀስ ብላ። እኛ ያደግንበትን ቤት ግድግዳ በገዛ እግሯ ረግጣ ያስመረገችው እርሷ ነበረችና የምትናገረውን ታውቃለች። እኔ ቤተ መንግሥት ላሳያት መጣሁ፤ እርሷ ግን የምታውቀውን ሥራ አገኘች።

አስጎብኚው ከተማይቱ ለምን ወደ ታች እንደ ወረደች ሲያስረዳ፣ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ይህ ስፍራ ጠላትን ለመከላከል ቢመችም ብርዱ የከፋ፣ ውሃና ማገዶም የሚቸግርበት እንደ ነበር ተናገረ። ከዚያ በኋላም አዲስ አበባ ራሷ በማገዶ እጦት ከመጨነቋ የተነሣ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ እንደ ነበርና ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማይቱን እንዳዳናት አከለበት። በመጨረሻም «ጥያቄ ያለው?» አለ።

ሁሉም ዝም ሲል እናቴ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «ልጄ፣ ውሃውን ማን ያወጣው ነበር?» አለች።

«እንዴት ማለት ነው እማማ?»

«ውሃ ቸገረ አልክ አይደል? ይህ ሁሉ ሰው ሲበላ ሲጠጣ፣ ውሃውን ከታች ይህን ሁሉ ዳገት ተሸክሞ የሚያመጣው ማን ነበር?»

አስጎብኚው ፈገግ አለ፤ ወዲያው ግን ፈገግታው ጠፋ። «እውነትዎን ነው እማማ። እኛ ስለ እርሱ አልተነገረንም» አለ በትሕትና።

በዚያ ዘመን በመኳንንት ቤት እንስራና እንጨት የሚሸከሙት በአብዛኛው ገረዶችና ባሮች እንደ ነበሩ አንብቤአለሁ። ነገር ግን አፌን አልከፈትሁም። የእናቴ ጥያቄ ከእነዚያ ሴቶች አልፎ ወደ እኔ መጥቶ ነበር።

ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር በዋናው መንገድ ስንሄድ እናቴ ከላይ ወረደች፤ ወገቧ ጎብጧል፣ ገመዱ ደረቷን ሰንጎታል። አስቀድማ ያየችኝ እርሷ ነበረች። እንዳላወቀችኝ ሆና አቀርቅራ ወደ ማዶ ተሻገረች፤ ጓደኞቼ ፊት እንዳላፍር ብላ። እኔም እንዳላወቅኋት ሆኜ አለፍሁ። ማታ እራት ስታቀርብ ሁለታችንም አላነሣነውም፤ እስከ ዛሬም አላነሣነውም።

ከዓመታት በፊት ስለ እንጦጦ ግጥም ጽፌ ነበር። የባሕር ዛፉ ሽታ፣ ጉሙ፣ የደወሉ ድምፅ ሁሉ አሉበት፤ ሸክም የያዘ አንድም ሰው ግን የለበትም። ጓደኞቼ ወድደውልኝ ነበር።

ስንመለስ አንዲት ሴት የቅጠል ሸክም ተሸክማ ቁልቁል ስትመጣ አገኘናት። እናቴ ከመንገዱ ወጣ ብላ አሳለፈቻትና «አይዞሽ እኅቴ፣ እመቤቴ ታበርታሽ» አለቻት። እኔም ቀና ብዬ ሴትየዋን ፊት ለፊት እያየሁ ሰላምታ ሰጠኋት። እናቴ ዘወር ብላ ለአፍታ አየችኝና ክንዴን ያዘች። ዳገቱን እስክንጨርስ ድረስ አልለቀቀችኝም።