የታናሽ እህቷ ቀሚስ

ልብስ ከታላቅ ወደ ታናሽ ነው የሚወርደው። በዚህ ቤት ግን ለታናሺቱ የጠበባትን ታላቋ ትለብሳለች። አሥራ ስድስት ሞልቷታል፤ ቁመቷ የአሥር ዓመት ልጅ ያህል ነው፣ የወር አበባም አላየችም። እናት «ዘራችን ዘግይቶ ነው የሚያድገው» ትላለች። አያቷ ጠበል ወስደዋታል። አባት ነገሩን በአንድ ቃል ዘጋው፦ «ከእናንተ ወገን የመጣ ነው።»

ተርነር ሲንድረም ይባላል። አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ተርነር እ.ኤ.አ. በ1938 ቁመታቸው ያጠረና ለአቅመ ሔዋን ያልደረሱ ሰባት ሴቶችን ሁኔታ ጽፎ አወጣ፤ ምክንያቱን ግን አላገኘውም። በ1959 እንግሊዝ አገር እነ ቻርልስ ፎርድ የአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ክሮሞዞም ቢቆጥሩ 45 ሆነ። መሆን የነበረበት 46 ነው። ከሁለቱ ኤክስ አንዱ የለም።

ኤክስ ጫፍ ላይ ሾክስ የሚባል ዘረመል አለ፤ አጥንት በደንብ እንዲያድግ ሁለቱም ቅጂ ያስፈልጋል። እንቁልጢዎቹ ደግሞ ያለ ጊዜያቸው ይደርቃሉ። ኤስትሮጅን ካልመነጨ ጡት አያጎጠጉጥም፣ የወር አበባ አይመጣም፣ ቆይቶም አጥንት ይሳሳል። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ የሚጠብባቸውም አሉ።

ሕክምና አለው፤ ግን ሰዓት አለው። የእድገት ሆርሞን ቁመት የሚጨምረው የአጥንት ጫፎች ገጥመው ሳይዘጉ ነው። ልጅቷ ሕፃን ሳለች ጤና ጣቢያ ተመዝናለች፤ ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ ግን ቁመቷን የለካ የለም። በየዓመቱ የፊት ወንበር ላይ ያስቀምጧታል፣ «ሚጢጢ» ይሏታል። በፍቅር ነው፤ ፍቅር ግን ሜትር አይሆንም። የክሮሞዞም ምርመራው ውድ ነው፣ ሆርሞኑም ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው፤ እሺ። ክፍል ግድግዳ ላይ መስመር አስምሮ ልጆችን በዓመት አንዴ መለካትስ የማንን በጀት ይጠብቃል?

ውጤቱ ሲነገር አባትም ነበር። ሐኪሟ አስረዱ፦ ይህ እንደ ርስት ከዘር ዘር የሚተላለፍ አይደለም፣ በአብዛኛው ሴል ሲከፈል የሚፈጠር ስህተት ነው፣ የማንም ጥፋት የለበትም። ደግሞም ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ከአባት ሊመጣ ይገባው የነበረው ክሮሞዞም ነው።

አባት ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ልጅቷ የጠየቀችው ሌላ ነበር፦ «እኔ ልጅ እወልዳለሁ?»

ሐኪሟ ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ።