«የቤት እመቤት ነበሩ»

እናቴ ያረፈች ዕለት የሕይወት ታሪኳን ጻፍ ተብዬ ጓዳ ገባሁ። ከልጆቿ መሐል ብዕር የሚይዘው እኔ ስለሆንኩ ሌላ ሰው ያሰበ አልነበረም። ውጭ ድንኳን ይተከላል፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ እኔ አንድ ገጽ ሞላሁ፤ የት እንደተወለደች፣ አዲስ አበባ እንዴት እንደመጣች፣ ስንት ልጅ ለወግ ለማዕረግ እንዳበቃች። «የቤት እመቤት ነበሩ» አልኩ። «ደግ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ» አልኩ። «ባደረባቸው የስኳርና የደም ግፊት ሕመም» የሚለውን አንዴ ከመሐል፣ አንዴ ከመጨረሻው አጠገብ ጻፍኩት። መደገሙን ያስተዋለ ሰው የነበረ አይመስለኝም። እኔ ግን ለምን እንደደገምኩት አውቃለሁ።

ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ መቼም ይታወቃል። ሟች ሁሉ ደግ ነው፣ ሟች ሁሉ ለተቸገረ ደራሽ ነው። ደጁን ዘግቶ የኖረውም ሰው ሲሞት ይኸው ይነበብለታል። ስለዚህ በእውነት ሲደርስ ለኖረ ሰው የተረፈ ቃል የለም። እኔም የእናቴን የብዙ ዓመት ሥራ በዚያች በለመድናት ሐረግ ሸፍኜ አለፍኩት። በጽሑፉ ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረም፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ያላነበብኩት ይህ ነው።

ሰፈራችን ሽሮ ሜዳ ነው፣ የእንጦጦ ማርያም መንገድ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከየክፍለ ሀገሩ ለጠበል የመጣ ሕመምተኛ በየጓሮው ጠባብ ክፍል እየተከራየ ይኖር ነበር። የበሽታውን ስም የሚጠራ የለም። «ሳንባ ነው» ይባላል፣ «ምች ነው» ይባላል፣ ደፈር ያለው «ያ በሽታ» ይላል። አንዷ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጣ ከተባለ ሰፈርተኛው ሁሉ ይገባውና አከራይዋ ልቀቂልኝ ትላለች። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የሚገዛበት ገንዘብ ያለው ጥቂት ነበር፤ የሌለው አልጋ ላይ ሆኖ ቀኑን ይጠብቃል። እድር ደግሞ ሥራው ቀብር ነው። ሰውየው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ሳጥን ይገዛል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፤ ታሞ ሲማቅቅ ግን ደጁን አይረግጥም።

በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ አንዳንድ እድሮች ለቀባሪ ብቻ ሳይሆን ለታማሚም እንድረስ አሉ። የእኛም እድር አለ። ሴቶች ተመርጠው የቤት ለቤት እንክብካቤ ሥልጠና ወሰዱ፣ እናቴ አንዷ ሆነች። ደመወዝ የለውም። የትራንስፖርት ተብላ የምትሰጣትን ጥቂት ብር ለአጥሚት እህል ታውላታለች፣ ዳገቱን በእግሯ ትወጣለች። በፌስታሏ ጓንት፣ በረኪና፣ ፋሻና ጂቪ የሚሉት ሐምራዊ መድኃኒት ይኖራል። ጂቪው አፋቸው ውስጥ ቁስል ለወጣባቸው ነው። ጣቷን ይዞት ይመጣል፣ በሳሙና ቢፈተግም ቶሎ አይለቅም። ከጥፍሯ ሥር ሐምራዊ ሆኖ እንጀራ ስትቆርስልኝ አየዋለሁ።

ያን ጊዜ ተማሪ ነበርኩ፣ በሽታው በምን እንደሚተላለፍና በምን እንደማይተላለፍ ክፍል ውስጥ ተምሬ ፈተና መልሼበታለሁ። ቤት ስገባ ግን የውኃ መጠጫዬን ለብቻ አደረግኩ። እሷ የነካችውን ሳህን ደግሜ አጥብ ነበር፣ እያየችኝ። አንድ ቀን ሰው ምን ይላል ብዬ ጮኽኩባት፤ አንቺም ያለብሽ ነው የሚመስላቸው አልኳት። በእርግጥም በጎ ፈቃደኞቹን እንዲያ ብሎ የሚያማ ሞልቶ ነበር። ነጠላዋን እያጣፋች፣ ቀና ሳትል፣ «ሲሞቱማ ሁላችሁም ትመጣላችሁ አይደል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራዋ አንዳችም ነገር ነግራኝ አታውቅም። እኔም አልጠየቅኳትም። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ትዳር መሠረትኩ። እሷ ጉልበቷ እስኪከዳት ያንን ዳገት ስትወጣ ኖረች።

እናም ቀብሯ ላይ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የባለቤቴ ዘመዶች ሁሉ ቆመው ሳለ ያ አሉባልታ እንዳይነሳ ፈራሁ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ሌላ ነው፤ የታማሚዎቹ ምስጢር ነው፣ በአደባባይ አይነሳም አልኩ። ለሰሚ የሚጥም ምክንያት ነው። ግን የማንንም ስም ሳይጠሩ ሥራዋን መናገር ይቻል ነበር። ስኳርና ደም ግፊትን የደጋገምኩት «በዚያ አይደለም የሞተችው» ለማለት ነው። እናቴ ያን ሁሉ ዘመን የታገለችውን ፍርሃት እኔ ሬሳዋ ፊት ቆሜ አነበብኩት።

በሰልስቱ አንዲት ሴት ድንኳን ውስጥ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። አላውቃትም።

«ወንድሜ፣ ያን ጽሑፍ የጻፍከው አንተ ነህ አሉ።»

ነኝ አልኳት።

«ጥሩ ነው። የማን እንደሆነ ግን አላወቅኩትም።»

በቁጣ አልነበረም። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የነገረችኝን ከዚያ በፊት ከማንም አልሰማሁትም። መድኃኒቱ በነጻ ሲመጣ ጠበል ላይ ያሉት ብዙዎቹ ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል መስሏቸው እምቢ ብለው ነበር። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ ሁለቱንም ውሰዱ ብለው በይፋ የተናገሩት በ1999 ዓ.ም. ነው። እናቴ ከዚያ ቀደም ብላ፣ ከማንም ሳትከራከር፣ ጠበሉን በጠርሙስ ታመጣና ክኒኑን በጠበሉ ታስውጣለች። «እኔን እንዲያ ነው ያስዋጡኝ» አለችኝ ሴትዮዋ። ንፍሮዋን ቃመች፣ «እግዜር ያጽናህ» ብላኝ ሄደች። ስሟን አልጠየቅኩም፤ አሁንም አልጠየቅኩም።

ሰኔ 2013 ዓ.ም. ወይዘሮ አበበች ጎበና ሲያርፉ ብዙ ሰው እንዳለቀሰ እኔም አለቀስኩ፣ ጻፍኩም። ከግሸን ማርያም ጉዞ ሁለት ሕፃናት ይዘው መመለሳቸውን፣ በልጆቹ ምክንያት ትዳራቸውን ማጣታቸውን፣ ለስንቱ እናት እንደሆኑ እያነሳሁ አሞገስኩ። ጽሑፉ ተወደደልኝ። ለሰው እናት ያልሰሰትኩትን ቃል ለገዛ እናቴ መንፈጌን ያስተዋልኩት ምስጋናው ሲበዛ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጽሑፉን ላነበው አልቻልኩም።

የሕይወት ታሪኳን እንደገና ለመጻፍ ሞክሬያለሁ። ችግሩ የማውቀው እዚህ የጻፍኩትን ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ማንን እንዳጠበች፣ ማን እጇ ላይ እንደሞተ፣ ማን ድኖ ልጅ እንደዳረ አላውቅም። አብረዋት ከሠለጠኑት ሴቶች በሕይወት ያሉት አርጅተዋል፤ አንዷ ጋ ሄጄ ነበር፣ «እሷ ያልነገረችህን እኔ ምን ብዬ» አለችኝ።

ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት ሽሮ ሜዳና እንጦጦ ዳገት ላይ የነበራችሁ፣ ጣቶቿ ሐምራዊ የሆኑ ቀጠን ያለች ሴት ደጃችሁን አንኳኩታ ከሆነ፣ ከእኔ ሳይሆን ከእናንተ የሚጻፍ ታሪክ ነውና አደራ ንገሩኝ። ስማችሁን አልጠይቅም።