እጅ የማይገባበት ክምር



እኛ ባልና ሚስት በቅመማ ቅመም ንግድ የምንተዳደር ነን። ሱቃችን ጠባብ ናት፤ ልጆቻችንን ያሳደግነው ግን በእርሷ ነው፤ አልሐምዱ ሊላህ። ረመዳን ሊገባ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ትልቋ ልጃችን አንድ ሐሳብ አመጣች። «አባዬ፣ ሱቃችንን የሚያውቀው የሰፈር ሰው ብቻ ነው። የኢፍጣር ምግቦችን አሠራር የያዘች ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጅተን በስልክ ብንሸጥ ጥቂት ገንዘብ እናገኛለን፤ ሱቁም ይታወቃል» አለችን። ሐሳቡን ወደድነው።

እናት እየተናገረች ልጅ ጻፈች። ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ ሩዝ በሥጋው፣ በጠቅላላው 12 ምግቦች በ20 ገጽ ተጠናቀቁ። መጀመሪያ የተጻፈው በድሮው የኮምፒውተር የግዕዝ ፊደል ስለነበር በሌላ ሰው ስልክ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆነ። በዩኒኮድ እንደገና ጻፍነው፤ ወደ ፒዲኤፍ ሲለወጥም ፊደሉ አብሮ እንዲገባ አደረግን። ገጹን የኤ4 ወረቀት እኩሌታ አድርገን ፊደሉን አጎላነው፤ የአንባቢው የኢንተርኔት ሒሳብ እንዳያልቅም ፎቶግራፎቹን አሳነስናቸው። ዋጋው 50 ብር ሆነ። ገዢው በቴሌብር ይከፍላል፤ መጽሐፉ በቴሌግራም ይላክለታል። በሦስት ሳምንት ውስጥ 63 ሰዎች ገዙን።

ስህተታችን ያለው ከዚህ ላይ ነው። በሽፋኑ ላይ «ከነቅመሙ አዘገጃጀት» ብለን ጽፈናል። ውስጡ ሲገለጥ ግን የሩዙ ገጽ «ከሱቃችን የሩዝ ቅመም ሁለት ማንኪያ ጨምሩ» ይላል እንጂ ቅመሙ ከምን ከምን እንደሚዘጋጅ አይናገርም። ይህን ያደረግነው ረስተን አይደለም። ልኬቱን ከሰጠናቸው ማን ከእኛ ይገዛል ብለን ነው።

አንድ ቀን ከደሴ አንዲት እናት ደወለችልን። አልተቆጣችም። «ወንድሜ፣ ቀረፋውም ቅርንፉዱም ቤቴ አለ። የገዛሁት ሽፋኑን አምኜ ልኬቱን ላውቅ ነበር። ምናልባት የእኔ መጽሐፍ አንድ ገጽ ጎድሎት ይሆን?» ስትል ጠየቀች። እኛ ያጎደልነውን እርሷ የስልኳ ጥፋት መስሏታል! የምንመልሰው ቃል አጣን።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። በሙስሊም ሰሒሕ የተዘገበው የእህል ሻጩ ታሪክ ትዝ አለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥሩ እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ መትቶት ነው ቢላቸው፣ ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገ ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። እኛም የእኛን ክምር አሰብን። እህል ገዢ ቢያንስ እጁን ይሰድዳል፤ ቅመም ገዢም ያሸታል፣ ይቀምሳል። የስልክ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ግን አስቀድሞ ይከፍላል፤ የሚያየው በኋላ ነው። እጅ የማይገባበት ክምር ነው። ስለዚህ እርጥቡን ወደ ላይ የማውጣቱ ግዴታ በሻጩ ላይ ይበልጥ ይከብዳል።

በማግሥቱ ገጹን እንደገና ጻፍነው፦ ከሙን 4 ማንኪያ፣ ቁንዶ በርበሬ 2፣ ቀረፋ 2፣ ሄል 1፣ ቅርንፉድ ግማሽ፤ በለስላሳ እሳት ታምሶ ይፈጫል። ለ63ቱም ከይቅርታ ጋር ላክንላቸው፤ ገንዘቡ ይመለስልኝ ያለም እንመልሳለን አልን። ዘጠኝ ሰዎች ጠየቁ፤ መለስን። እውነቱን ለመናገር ዛሬ ቅመሙን በቤታቸው የሚያዘጋጁና ከእኛ የማይገዙ አሉ። ማመሱና መፍጨቱ አድካሚ ነው ብለው ወደ ሱቃችን የሚመጡም አሉ። ሪዝቅ ከአላህ ነው።

ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ መጣ። መጽሐፉ በአንድ የቴሌግራም ቡድን በነፃ ሲዞር ልጃችን አይታ ተናደደች። ንዴቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1988 (እ.ኤ.አ) በኩዌት ባደረገው ጉባኤ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መሆኑንና ሊደፈር እንደማይገባው ወስኗል። በሀገራችንም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ሆኖም «ልጄ፣ የሰውን ሐቅ አጉድለን ስናበቃ የእኛ ሐቅ ተነካ ብለን ለመጮህ ፊት አለን?» አልናት። በመጨረሻው ገጽ ላይም ያለ ፈቃድ እንዳይባዛ፣ መክፈል ያልቻለ ግን ቢጠይቀን በነፃ እንደምንሰጠው ጻፍን።

በዚህ ሥራ ለመሰማራት ለምታስቡ ወጣቶች ያለን ምክር አጭር ነው። ማውጫውን በሙሉና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ገጾች ሳይከፈልበት አሳዩ። መጽሐፉ ሱቃችሁን ለማስተዋወቅ የተዘጋጀ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ጻፉ። ሽፋኑ የማለውን ውስጡ ይፈጽም። ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚያስጠነቅቀው ሰፍረው የሚያጎድሉትን ነው፤ ገጽም እንደ ቁና መስፈሪያ ነው።

የደሴዋ እህታችን በረመዳን አጋማሽ መልእክት ልካልን ነበር። ሩዙ እንደተሳካላትና በሱጁዷ ዱዓ እንዳደረገችልን ነገረችን። ከ50 ብሩ ይልቅ ይህ በዛልን። አላህ (ሱ.ወ) ንግዳችንን ሐላል፣ ልኬታችንን ሙሉ ያድርግልን። አሚን።