መተንፈሻ

ይኸውላችሁ ጓደኞቼ፣ እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ ስለ ሞተር የማውቀው የወንድሜ ቁርጭምጭሚት ያስተማረኝን ብቻ ነው።

የምንኖረው ቡልጋሪያ ነው። ታላቅ ወንድሜ በአንዲት አሮጌ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ብስክሌት ዕቃ ያመላልሳል፤ የኔም የደብተርና የታክሲ ገንዘብ ከዚያችው ይወጣል። ታዲያ ጭነት ሲበዛባት ወደ ካዛንቺስ የሚወስደውን ዳገት እያቃሰተች ነበር የምትወጣው። ምክንያት አላት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል።

«ፒስተኑን እናሳድገው» ብዬ የወተወትኩት እኔ ነኝ። ቶርኖ ቤት ሲሊንደሩ ሰፋ፤ ትልቅ ፒስተን ገባ። ሲሊንደሩ ሲሰፋ በአንድ ምት የሚታመቀው አየር ይበዛል፤ ቴስታው ውስጥ ያለው ክፍተት ግን ያው ነው። ስለዚህ እመቃው ይጠነክራል፣ ጉልበትም ይጨምራል፤ በእግር ረግጦ ማስነሳቱ ግን ይከብዳል። ሽማግሌው መካኒክ ይህን አይተው፣ «ልጄ፣ ቴስታው ላይ መተንፈሻ ቫልቭ እንጨምርለት እንጂ፤ ይኼ እግር ይሰብራል» አሉኝ። ወንድሜ አብሮኝ አልነበረም፤ ገንዘቡ በኔ እጅ ነበር። «ጉልበት ጨምረን ደግሞ መልሰን ልናስተነፍሰው?» ብዬ ሳቅሁ።

በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ ረገጠ። ርግጫው ፒስተኑን ከጫፍ ሳያሳልፈው እሳቱ ቀደመው፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ዞረ፤ መርገጫው ተወርውሮ እግሩን መታው። ሦስት ሳምንት ተኛ። ሥራ የለ፣ ገንዘብ የለ።

ቫልቩ የተገጠመው ከዚያ በኋላ ነው። ነገሩ እንዲያው ቀላል ነው፤ ቴስታው ተበስቶ ጥርስ ይወጣለታል፣ ትንሽ ቫልቭ ይታሰርበታል፣ ሽቦ እስከ መሪው ይሳባል። ማንሻውን ስትይዙት የታመቀው አየር ከፊሉ «ፒሽ» ብሎ ይወጣል፤ ፒስተኑ ጫፉን አለፍ ሲል ትለቁታላችሁ፤ ከዚያ ሙሉ ርግጫ። ቫልቩ ከተዘጋ ወዲያ ጉልበቱ ቅንጣት አይቀንስም። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ኤስአር 500 እንኳ ይህ ማንሻ ከፋብሪካው ነበረው። አላዋቂው እኔ ነበርኩ።

ወንድሜ ብርድ ሲሆን ዛሬም ያነክሳል። «ዕድል ነው» ይላል። ሽማግሌው እንዳስጠነቀቁኝ እስካሁን አልነገርኩትም። ጓደኞቼ፣ ይህችን ገጽ ከሱ አስቀድሜ ለእናንተ መስጠቴ ፈሪነት ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ ማታ ግን አነብለታለሁ።