የሦስት ማስጠንቀቂያ ሒሳብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ልጅ ከሥራ እንድትወጣ ፈርሜያለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ እሷ ነው። ስለ እሷ ለመጻፍ ግን ስለ ቁጥር መጻፌ አይቀርም፤ ቁጥር የማትወዱ ለጥቂት ደቂቃ ታገሡኝ።

ቦታው ሸሚዝ እየሰፋ ወደ ውጭ የሚልክ ፋብሪካ ነው። ስሙ ይቆየን። እኔ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ዕድሜዬ ገና ቢሆንም ልጆቹ «ጋሼ» ይሉኝ ነበር፤ እዚያ ቤት ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ጋሼ ነው። በኮሌታ ክፍል 40 ሰፊዎች ነበሩ። ከእያንዳንዷ በየሳምንቱ 200 ኮሌታ እያነሳን አንድ በአንድ እናያለን፤ ክሩ የዘለለ፣ የተጨማደደ፣ ጫፉ የተዛነፈ ካለ እንቆጥራለን። ደንቡ አጭር ነበር። ከ200ው 12 ወይም ከዚያ በላይ ብልሽት የተገኘባት ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ ይጻፍባታል። በአንድ ሩብ ዓመት ሦስት ማስጠንቀቂያ የደረሳት ኮንትራቷ አይታደስም።

ደንቡን ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። ዘመድ አያውቅ፣ ፊት አያይ፣ ቁጥር ብቻ ነው። ከዚህ የበለጠ ፍትሕ ከየት ይመጣል?

የልጅቷ የ12 ሳምንት ውጤት ዛሬም ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አለ፦ 6፣ 9፣ 13፣ 7፣ 7፣ 10፣ 4፣ 8፣ 12፣ 6፣ 8፣ 6። 13 ስታመጣ የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ጻፍኩ። በቀጣዩ ሳምንት 7 ሆነ። «አያችሁ፣ ማስጠንቀቂያ ይሠራል» አልን። 4 ስታመጣ በስብሰባ ላይ አስጨበጨብንላት። ከዚያ 8፣ ከዚያ 12 መጣ። አለቃዬ «ማመስገን ያባልጋል፤ አላልኩህም?» አለኝ። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ተጻፈ። 6፣ 8፣ 6 ሆነ፤ እንደገና «ሠራ» አልን። በ13ኛው ሳምንት 13 መጣ። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ።

ደብዳቤውን ስሰጣት አላለቀሰችም። «ጋሼ፣ መርፌው እኮ ነው» አለችኝ። የመለስኩላትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «ሁሉም የሚሰፋው በአንድ ዓይነት መርፌ ነው።» ትልቅ መልስ የመለስኩ መስሎኝ ነበር። ፈረምኩ፤ ሄደች።

ከዓመት በኋላ አንድ የጥራት ማሻሻያ ሥልጠና ላይ ተላክሁ። አሠልጣኙ በአንድ ትልቅ ሳፋ ነጭ ቦሎቄና ቀይ ቦሎቄ ደባልቆ አመጣ። ከአምስቱ አንዱ ቀይ ነው። «ነጩ ጥሩ ምርት፣ ቀዩ ብልሽት ነው። እናንተ ሠራተኞች ናችሁ» አለን። ስድስት ሰዎች ወጣን። 50 ጉድጓድ ባለው ጣውላ ተራ በተራ እየዛቅን ቀዩን ይቆጥራል። እኔ መጀመሪያ 6 አወጣሁ። «ጎበዝ! የወሩ ምርጥ ሠራተኛ!» ተባልኩ። ቀጥሎ 14 አወጣሁ። «ሽልማቱ አዘናጋው» ብሎ ተቆጣኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ልስቅ ስል ያቺ ልጅ ፊቴ ድቅን አለች።

ጨዋታው የአሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ የኤድዋርድስ ዴሚንግ ነው፤ እሱ የሚጠቀመው በዶቃ ነበር። ቁምነገሩ አንድ ነው። ዛቂው ቢተጋም ቢሰንፍም የቀዩን ብዛት አይወስነውም፤ የሚወስነው ሳፋው ነው። ሳፋውን ያመጣው ደግሞ አለቃው ነው።

በዚያ ሥልጠና የተማርኳቸው ቃላት ብዙ ናቸው። ሁሉንም የሚሸከመው ግን አንዱ ነው፦ መዋዠቅ። ማንኛውም ሥራ፣ ያው ሰው በያው እጁ ቢሠራው እንኳ፣ ውጤቱ ከቀን ቀን ይዋዥቃል። እናታችሁ የምትጋግረው እንጀራ ዓይኑ በየቀኑ እኩል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ዋልተር ሸዋርት የተባለ የቤል ስልክ ኩባንያ ባለሙያ ይህን መዋዠቅ ለሁለት ከፈለው። አንደኛው የተለመደ መንስኤ ያለው ነው፤ ከአሠራሩ ከራሱ የሚመነጭ፣ ሁሉም ላይ ያለ፣ የማይቀር። ሁለተኛው ልዩ መንስኤ ያለው ነው፤ አንድ የተለየ ነገር ተፈጥሮ የመጣ። ሁለቱን የሚለይበትን መሣሪያ ሠራ፤ የቁጥጥር ገበታ ይባላል። ወረቀት ላይ በመሀል አማካዩን፣ በላይና በታች ደግሞ ሁለት ወሰኖችን ታሰምራላችሁ። በወሰኖቹ መካከል የሚዋዥቅ ነጥብ የአሠራሩ ድምፅ ነው፤ ለብቻው ተነጥሎ አይጠየቅበትም። ከወሰኑ ያለፈ ነጥብ ግን «ኑና እዩኝ» ይላል።

ማታ ቤቴ ገብቼ ያንን ደብተር አወጣሁ። የልጅቷ የ12 ሳምንት ድምር 96፣ አማካዩ 8 ነው። የክፍሉን 40 ሰፊዎች አማካይ አሰላሁት፤ እሱም 8 ነው። ከ200 ኮሌታ በአማካይ 8 በሚበላሽበት አሠራር፣ በትምህርት ቤት መደበኛ ልይይት የምንለው 2.8 ገደማ ይሆናል። ሦስት እጥፉ 8.3 ነው። 8 ላይ ሲደመር ላይኛው ወሰን ከ16 ትንሽ ያልፋል። ሲቀነስ ከዜሮ በታች ስለሚሆን ታችኛው ወሰን ዜሮ ነው። የልጅቷ 13ም፣ 12ም፣ 4ም ሁሉም ወሰኑ ውስጥ ናቸው። ያጨበጨብንለት 4 ድንቅ አልነበረም። ያባረርንበት 13ም ጥፋት አልነበረም። ማስጠንቀቂያውም አልሠራም ነበር፤ ከፍ ያለ ቁጥር ቀጥሎ ወደ አማካዩ መመለሱ የተለመደ ስለሆነ ነው። ምስጋናውም አላባለገም፤ ዝቅ ያለውም እንደዚያው ይመለሳል።

እዚህ ላይ ብቆም ይሻለኝ ነበር፤ ግን ቀጠልኩ። አርባዎቹ ሰፊዎች በችሎታም በትጋትም ፍጹም እኩል ቢሆኑ፣ ደንባችን ምን ያደርጋቸዋል? በእንዲህ ያለ አሠራር አንዲት ሠራተኛ በአንድ ሳምንት 12 ወይም ከዚያ በላይ የማምጣት ዕድሏ ከመቶ 11 ገደማ ነው። በ13 ሳምንት ውስጥ ይህ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የመድረሱ ዕድል ከመቶ 15 ገደማ ይሆናል። ከ40ው ስድስቱ ማለት ነው። ምንም ያላጠፉ ስድስት ሰዎች በየሩብ ዓመቱ! «ፊት አያይም» ብዬ የወደድኩት ደንብ ዕጣ ኖሯል። ዕጣ እንኳ ሲወጣ ዕጣ መሆኑ ይነገራል። እኛ ግን የዕጣውን ውጤት «የሥነ ምግባርና የብቃት ጉድለት» ብለን በማኅተም አጸደቅነው።

አንድ ነገር ግን እንዳይሳሳት። ሁሉም ጥፋት የአሠራር ነው፣ ማንም አይጠየቅ እያልኩ አይደለም። ገበታውን ለኋላ መዛግብት ስሠራ አንድ ሳምንት 21 ያመጣች ሌላ ሠራተኛ አገኘሁ። እሱ ከወሰን ውጭ ነው፤ ልዩ መንስኤ ይኖረዋል። ሲጣራ በዚያ ሳምንት መኪናዋ ተጠግኖ ሲመለስ ማስተካከያው ተዛብቶ ነበር። በጊዜው ግን እሷም 12 ያመጣችውም የተጻፈባቸው ያው አንድ ዓይነት ደብዳቤ ነው። መፈለግ ያለበትን ሳንፈልግ፣ መፈለግ የሌለበትን ስናሳድድ ከረምን።

ታዲያ 8ቱ ራሱ እንዴት ይቀንሳል? እዚህ ላይ ነው ሌሎቹ መሣሪያዎች የሚመጡት። መጀመሪያ የብልሽቱን ዓይነት በቆጠራ ቅጽ መዘገብን። ከዚያ ከብዙው ወደ ጥቂቱ ደረደርነው፤ ይህ የፓሬቶ ገበታ ነው። ከግማሽ በላይ የሆነው የክር መዝለል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ የዓሣ አጥንት የሚባለውን ንድፍ ሳልን፤ ጃፓናዊው ካኦሩ ኢሺካዋ ያስተዋወቀው ነው። ሰው፣ መኪና፣ ዘዴ፣ ጥሬ ዕቃ፣ መለኪያ፣ አካባቢ እያሉ መንስኤን በየአጥንቱ መበተን ነው። በመጨረሻ የቶዮታዎቹን «አምስት ጊዜ ለምን» ጠየቅን።

ክሩ ለምን ይዘላል? መርፌው ስለደነዘዘ። ለምን ደነዘዘ? እስኪሰበር ስለማይቀየር። ለምን አይቀየርም? ዕቃ ግምጃ ቤቱ የተሰበረ መርፌ ካልተመለሰለት አዲስ ስለማይሰጥ። የደነዘዘውንስ ለምን አይቀበልም? የግምጃ ቤቱ ክፍል የሚገመገመው በመርፌ ወጪ ቁጠባ ስለሆነ። ለምን እንዲህ ይገመገማል? ዕቅዱን ያወጣነው እኛው ነን። እንዲያውም በዚያው ዓመት ግምጃ ቤቱ በቁጠባ የምስክር ወረቀት ተሸልሟል።

«መርፌው እኮ ነው» ብላኝ ነበር። እኔም «ሁሉም የሚሰፋው በአንድ ዓይነት መርፌ ነው» ብያት ነበር። ሁለታችንም ትክክል ነበርን። ሁሉም ላይ ያለ መንስኤ ማለት የተለመደ መንስኤ ማለት ነው፤ የአለቃው ድርሻ። ማስረጃውን በአፌ እየተናገርኩ ፍርዱን በእሷ ላይ ፈረምኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። መርፌው በየተወሰነ ሰዓት እንዲቀየር ሲደረግ ብልሽቱ ለሁሉም ወረደ፤ ማንም ሳይቀጣ፣ ማንም ሳይመከር።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ የአንድ ፋብሪካ ታሪክ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አገራችን ለእነዚህ ቃላት እንግዳ አይደለችም። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥን አይተናል፤ ውጤት ተኮር ምዘናን አይተናል። ካይዘንም ቢሆን በአቶ መለስ ዜናዊ ጥያቄ ከጃፓን መጥቶ፣ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል። እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ጥሩ ነገር ናቸው፤ የጸዳ ቦታ ላይ ጉድለት ቶሎ ይታያል። ግን መጥረጊያውን ተቀብለን ሒሳቡን የተውነው ይመስለኛል። ዴሚንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ጃፓን ሄዶ ለኩባንያ አለቆች ያስተማረው ወለል ስለመጥረግ አልነበረም። ስለ መዋዠቅ ነበር። ኋላም ከችግሮች 94 በመቶው የአሠራሩ፣ ማለትም የአመራሩ ኃላፊነት እንደሆነ በግምቱ ጽፏል። ፍርሃትን ከሥራ ቦታ አስወጡ ብሎም መክሯል። ለምን እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እኛ ጋ ደንቡ ከጠነከረ በኋላ የተበላሸ ኮሌታ ጠረጴዛ ሥር መደበቅ ተጀምሮ ነበር። ቁጥሩ ሲያምር ሸሚዙ አላማረም።

አሁን ዜና ስትሰሙ ልብ በሉ። «ካለፈው ሩብ ዓመት ጋር ሲነጻጸር ጨምሯል»፣ «ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ቀንሷል» ይባላል። ሁለት ነጥብ ብቻ። ሁለት ነጥብ ካላችሁ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ወይ ወጥቷል ወይ ወርዷል። በወጣው ኃላፊ ይሸለማል፤ በወረደው ሌላው ይገመገማል። የትራፊክ አደጋም ይሁን የግብር ገቢ፣ የሆስፒታል ሞትም ይሁን የፈተና ውጤት፣ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ያለፉት 12 ነጥቦች የት አሉ? ይህኛው ከወትሮው መዋዠቅ አልፏል ወይስ ያው ነው?» አልፎ ከሆነ መንስኤው ይፈለግ። ካላለፈ ሰውየውን ትታችሁ መርፌውን ጠይቁ።

ልጅቷን ለማግኘት ሞክሬያለሁ። ስልኳ አይሠራም፤ አብረዋት የነበሩት ወዴት እንደሄደች አያውቁም። ባገኛት የማሳያት ገበታ አለኝ፤ 13 ነጥቦች በሁለት መስመሮች መካከል። አንዱም አላለፈም።

አለቃ የሆናችሁ፣ ነገ ጠዋት የምትፈርሙት ደብዳቤ ካለ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ነጥቦቹን ወረቀት ላይ አስቀምጡ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ደግሞም ሠራተኛዋ የምትላችሁን እስከ መጨረሻው ስሙ።

ቸር ሰንብቱ።