መራራው ቅጠል

በኅብረታችን ስለ ነጻነት ሳንዘምር የምንውልበት ፕሮግራም የለም። ስለ ተበጠሰ ሰንሰለት፣ ስለ ተሰበረ ቀንበር ስንዘምር አዳራሹ በጭብጨባ ይሞላል፤ ደስታውም እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን በአሳባችን ያለው የኃጢአት ሰንሰለት ብቻ ነው። የብረቱን ረስተነዋል።

እግዚአብሔር እስራኤልን ከግብፅ ሲያወጣ ግን በዓሉን ያለ መራራ ቅጠል እንዲበሉ አልፈቀደም (ዘጸ. 12፥8)። ከሥጋውና ከቂጣው ጋር ምሬቱም በማዕዱ ላይ ይቀርባል፤ ልጆች ይጠይቃሉ፣ ወላጆችም ይናገራሉ። እኛስ ለሚጠይቁን ምን እንናገራለን?

ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ አጋማሽ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ሂካ የሚባል ልጅ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተ፤ ቆይቶም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምፅዋ ደረሰ። በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ተወላጅ ነጻ አወጣውና በእምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 በፋሲካ ዕለት ሲጠመቅ አናሲሞስ ተባለ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመልን አናሲሞስ ነሲብ እርሱ ነው። ሂካ ማለትም በኦሮምኛ “ተርጓሚ” ማለት ነው፤ እናቱ ምን አውቃ ኖሯል!

እኔን ከሁሉ የሚነካኝ ግን ይህ ነው፦ አናሲሞስ ከሕዝቡ ተነጥቆ ያደገ በመሆኑ ለትርጉም ሥራው የቋንቋው ቃላት አጠሩት። ባርነት ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን አፉንም ዘርፎት ነበር። የጎደለውን የሞላችለት እንደ እርሱ በባርነት የተሸጠችና በ1886 ወደ ዐረብ አገር በመርከብ ስትወሰድ በጣሊያን ባሕር ኃይል የተለቀቀች ወጣት፣ አስቴር ጋኖ ናት። ቃላቱን ሰብስባ መዝገበ ቃላት አዘጋጀችለት። በ1899 ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በስዊዘርላንድ ታተመ። የተሸጡ ሁለት ልጆች ለሸጣቸው አገር ቃሉን መለሱ።

“ለሸጣቸው አገር” ማለቴ በስሕተት አይደለም። ስለ ባርነት ሲነሳ አሜሪካንና የጥጥ እርሻዋን እናስባለን፤ ባሪያ ፈንጋዩ፣ ነጋዴው፣ ገዢው እዚህም ነበሩ። ብዙዎቹም በክርስቶስ ስም የተጠመቁ ነበሩ።

ጳውሎስ ስለ ፊተኛው አናሲሞስ የጻፈውን መልእክት እንደገና አንብቡት፤ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው። ደብዳቤው የተላከው ለባሪያው ሳይሆን ለጌታው ነው። ፊልሞና አማኝ ነው፤ በቤቱ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ፍቅሩም የተመሰገነ ነው። የሚለመነውም ባሪያውን እንደ ወንድም እንዲቀበል ነው።

ታዲያ ደብዳቤው ዛሬ ወደ ማን ይላካል? ባለፈው ዓመት በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን አንዲት እኅት፣ “በመድረክ ‘የጌታ ባሪያ’ ስንባባል ክብር ነው፤ ከዘማሪዎቹ አንዱ ግን በመልኬ ምክንያት ‘ባሪያ’ ብሎ ይቀልድብኛል” አለች። አንዳንዶች ሳቁ። “ቀልድ እኮ ነው” ያለም ነበር። እኔ ቀልድነቱ አይታየኝም። ያ ቃል የሰው ዋጋ የሚተመንበት የገበያ ቃል ነበር፤ እኅታችን ደግሞ ዋጋዋ በደም ተከፍሏል።

አናሲሞስ በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሶ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1931፣ አገለገለ። በአገራችን ባርነትን በሕግ ያስቀረው አዋጅ የወጣው በ1942 ነው፤ እርሱ ካረፈ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር።