የሜዳ ሚዛን

ሰው ባየው ነገር ሁሉ ላይ ፍርድ ሳይሰጥ አያርፍም። ከሠርግ የተመለሰ ሰው ድግሱን ካለፈው ዓመት ድግስ ጋር ያስተያያል፤ ከገበያ የገባ የጊንጪን ጤፍ ከአምቦው ጤፍ ጋር ያመዛዝናል፤ ከሁለት ምንጭ የጠጣ መንገደኛም የትኛው ውሃ እንደሚጣፍጥ ሳይናገር አያልፍም። እንግዲህ ኳስ ወዳዱ ሕዝብ የጨዋታ ሜዳዎችን ስም እያነሣ አንዱን ከሌላው ማወዳደሩ ሊያስደንቀን አይገባም። እኔም የዚሁ ልማድ ምርኮኛ ስለ ሆንሁ፥ ስለ ሜዳ ሚዛን ከአንድ ሽማግሌ የተማርሁትን ለአንባብያን ላካፍል አሰብሁ።

በአምቦ ከተማ፥ በቀድሞው አጠራር በሀገረ ሕይወት፥ እሑድ ከቀትር በኋላ የምንሰበሰብበት አንድ ትንሽ ቡና ቤት አለ። በዚያ የሚቀመጡት ሰዎች ሙያቸው ልዩ ልዩ ስለ ሆነ ፍርዳቸውም እንደ ሙያቸው ነው። ወደ ነቀምቴ የሚመላለሰው ሹፌር ስታዲየምን የሚመዝነው በበሩ ነው፤ «ስንት ደቂቃ ያስወጣል? መኪናስ የት ይቆማል?» ይላል። መምህሩ ሥርዓቱን ይመለከታል፤ ሰልፉ ይከበራል ወይ፥ ቲኬት የያዘ ሰው ቦታውን ያገኛል ወይ እያለ ይጠይቃል። ልብስ ሰፊው መቀመጫውን ይወቅሳል፤ ሱሪ የሚጨርስ ሲሚንቶ ለእርሱ ከሽንፈት አይተናነስም። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ደግሞ ሣሩን ብቻ ያያል፤ «ኳስ በወግ የማይንከባለልበት ሜዳ በዙሪያው ግንብ ቢቆለልለት ምን ይጠቅማል?» ብሎ ይከራከራል። አንዱ ባሕር ዳርን በስፋቱ፥ ሌላው ሐዋሳን በአየሩ፥ ሦስተኛው አዲስ አበባን በድምፁ ያነግሣል። የአምቦ ውሃው ጠርሙስ ሁሉ ባዶ እስኪሆን ድረስ ክርክሩ ይቀጥላል፤ ፈራጅም አይገኝለትም።

ነገሩ በውጭ አገርም እንዲሁ ነው። አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚባለው ጨዋታቸው የሚካሄድባቸውን ሜዳዎች እያወዳደሩ ሲከራከሩ ይኖራሉ። ለእነርሱስ በቂ ምክንያት አላቸው፤ በዚያ ጨዋታ የውስጠኛው ሜዳ ልኩ የተወሰነ ሲሆን፥ የውጭው አጥር ርቀትና ቁመት ግን ከከተማ ከተማ ይለያያል። በ1904 ዓ.ም. በቦስተን የተከፈተው ፌንዌይ ፓርክ በግራ በኩል 11 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው አረንጓዴ ግንብ አለው፤ በሌላ ከተማ ከሜዳ ልትወጣ የምትችል ኳስ በዚያ ግንቡን መትታ ትመለሳለች። የእኛ እግር ኳስ ግን በሕግ የታሰረ ነው። በአገሮች መካከል ለሚደረግ ግጥሚያ የሜዳው ርዝመት ከ100 እስከ 110፥ ስፋቱም ከ64 እስከ 75 ሜትር ነው። ሜዳው ከሞላ ጎደል አንድ ከሆነ ታዲያ የምንከራከረው በምን ላይ ነው? የምንከራከረው በሜዳው ዙሪያ ባለው ነገር፥ ማለት ተመልካቹ በሚቀመጥበት ስፍራ ላይ ነው። ስታዲየምን መመዘን ሰው በዚያ ውስጥ ምን ያህል እንደ ተከበረ መመዘን መሆኑን የተረዳሁት ግን ከቡና ቤቱ ክርክር አይደለም።

እኔ የተወለድሁት የጅባት ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በሸነን ነው። በልጅነታችን የምንጫወትበት ሜዳ ከብት የሚግጥበት ሣር ነበር። ወደ ወንዙ ያዘነበለ በመሆኑ ከላይ ወደ ታች የሚያጠቃውን ቡድን ቁልቁለቱ ራሱ ያግዘዋል፤ ከታች ወደ ላይ የሚጫወተው ግን ሁለት ባላጋራ፥ ሰውንና ዳገትን፥ መቋቋም ነበረበት። በዚህ የተነሣ ዋናው ጠብ የሚነሣው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት፥ ጎል ስንመርጥ ነበር። ከሜዳው በላይ አንድ ጉብታ አለ። አጎቴ ዘወትር የሚቀመጡት በዚያ ጉብታ ላይ ከአንዲት ጽድ ሥር ነበር።

አጎቴን ሁላችንም «ጋሼ» እያልን እንጠራቸው ነበር። ሥራቸው እርሻ ነው፤ ሆኖም የኳስ ፍቅራቸው ከማንኛችንም ይበልጥ ነበር። ስለ አንድ ሜዳ ሲወራ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፤ «ልጅ ከፊት ሆኖ ያያል ወይ? ሽማግሌ ይቀመጣል ወይ? ሰው በደኅና ገብቶ በደኅና ይወጣል ወይ?» ቀጥለውም፥ «የእኛ ጉብታ ሦስቱንም አሟልቷል፤ በሩም በአራቱ ማዕዘን ነው» ብለው ይስቃሉ። እኛ ልጆቹ ግን በሬዲዮ ስሙን የምንሰማውን ባለ ግንብ ስታዲየም እንመኝ ስለ ነበር፥ ንግግራቸውን የባላገር ቀልድ አድርገን እንቈጥረው ነበር።

አጎቴ እስከ ትልቁ ስታዲየም ድረስ የሄዱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህም በ1954 ዓ.ም. ጥር ወር፥ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ፥ በዚያን ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራ በነበረው ስታዲየም በተደረገ ጊዜ ነበር። ያኔ የ17 ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። ከሸነን አምቦ በእግራቸው ደርሰው፥ ከአምቦም እህል በጫነ ካሚዮን ላይ ተሳፍረው ጥር 13 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡ ስታዲየሙ ሞልቶ ነበርና ከአጥሩ ውጭ ቀሩ። ስለዚህ የኢትዮጵያንና የግብጽን የፍጻሜ ግጥሚያ ሰሙት እንጂ አላዩትም።

«ሁለት ጊዜ ዝም አለ፤ አራት ጊዜ ጮኸ» እያሉ ይተርኩልን ነበር። መጀመሪያ ዝምታ ሆነ፤ ብዙ ቆይቶ ጩኸት መጣ፤ ጩኸቱ ሳይበርድ ወዲያው ሁለተኛው ዝምታ ወደቀ፤ እንደ ገና ተጮኸ። ዘጠናው ደቂቃ 2 ለ 2 አልቆ በተጨመረው ሰዓት ሁለት ጩኸት ተከተለ። ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸንፋ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ መቀበሉን አጎቴ የሰሙት ከስታዲየሙ ከሚወጡት ሰዎች አፍ ነው። ታሪኩን ሲጨርሱ ሁልጊዜ፥ «ስታዲየሙን በጆሮዬ አውቀዋለሁ፤ ዐይኔ ግን ገና ዕዳ አለበት» ይሉ ነበር።

በኋላ እኔ ለሥራ አዲስ አበባ ገብቼ የዚያው ስታዲየም ደንበኛ ሆንሁ። ተመልካቹ ሕዝብ ክፍሎቹን በራሱ ስም ሰይሟቸዋል፤ ካታንጋ፥ ሚስማር ተራ፥ ከማን አንሼ፥ ጥላ ፎቅ ይባላሉ። ካታንጋ የኮንጎ ግዛት ስም ሲሆን፥ በ1950ዎቹ ዓመታት ወታደሮቻችን በተባበሩት መንግሥታት ዓላማ ሥር ወደ ኮንጎ ዘምተው ስለ ነበር በየሰው አፍ የሚነገር ቃል ነበር። ጥላ ፎቅ የሚለው ስም ደግሞ ፀሐይ የማይነካው ተመልካች ማን እንደ ሆነ ይነግረናል፤ ከማን አንሼ የሚለውም መልሱን ይዞ የቆመ ይመስላል። ሕዝብ ስም ያወጣለት ቦታ የሕዝብ ቤት ነው። እኔም ከጓደኞቼ ጋር ስከራከር የሲሚንቶውን መሻከርና የበሩን ግፊያ ከጉድለት አልቈጥረውም ነበር፤ እንዲያውም የእውነተኛ ደጋፊ መለያ አድርጌ እኰራበት ነበር።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ሱዳንን በገጠመ ዕለት በዚያ ነበርሁ። ቀደም ሲል ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለ ነበር ብዙዎች ልባቸው ተከፍሎ ነበር። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ጎል አግብተው 2 ለ 0 ስናሸንፍና ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ የሆነውን በቃል መግለጽ አይቻልም። አጎቴ ለዚያ ጨዋታ እንዳመጣቸው ለምነውኝ ነበር። እኔ ግን የ68 ዓመት ሽማግሌ ከሌሊት ጀምሮ ሲሰለፍ፥ በበሩም ሲጋፋ ታየኝና፥ «ግፊያው ይጎዳዎታል፥ ጋሼ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደኅና ቦታ ይዤ አመጣዎታለሁ» አልኋቸው። እርሳቸውም፥ «እሺ ልጄ፤ ዐይኔ እስካሁን ታግሷል» አሉኝ። እነሆ፥ የምኰራበት ግፊያ አጎቴን ያስቀረ መሆኑን በዚያን ጊዜ አላስተዋልሁም።

የሚቀጥለው ጊዜ ግን አልመጣም። የብሔራዊ ቡድኑ ግጥሚያዎች ወደ ባሕር ዳር ሲዛወሩ መንገዱ ለአጎቴ ጉልበት ራቀ። የአዲስ አበባው ስታዲየም ለእድሳት ተዘጋ። በ2014 ዓ.ም. መስከረም ባሕር ዳር ላይ ደቡብ አፍሪካን ካስተናገድን በኋላም፥ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሜዳዎቻችንን መዝኖ የሚፈለገውን ደረጃ አያሟሉም አለ። በኅዳር ወር ጋናን «በሜዳችን» የገጠምነው ጆሃንስበርግ ላይ ነበር። ይህ ድርጅት በ1949 ዓ.ም. ሲቋቋም ከግብጽ፥ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር መሥራች የነበረችው ኢትዮጵያ ናት፤ ይድነቃቸው ተሰማም ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. በፕሬዚዳንትነት መርተውታል። በ1954፥ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያስተናገደች አገር እንግዳዋን የምትቀበልበት ቤት አጣች ቢባል ማን ያምናል?

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ከግብጽ ጋር ስንጋጠም አጎቴ ለሕክምና አምቦ መጥተው ነበርና ወደዚያው ቡና ቤት ወሰድኋቸው። ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት አስቀመጥናቸው። ዳዋ ሆቴሳ የመጀመሪያውን፥ ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን ጎል ሲያገቡ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። እርሳቸው ግን ጆሮአቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዘንብለው ቆዩና፥

«የእኛ ሰው ጩኸት የት አለ?» አሉኝ።

«ጨዋታው ያለው ማላዊ፥ ሊሎንግዌ ነው፥ ጋሼ» አልሁ።

«በሜዳችን ነው የምንጫወተው አላልኸኝም?»

«አዎን፤ በሜዳችን ነው።»

«ሜዳችን ከመቼ ወዲህ ነው ማላዊ የሄደው?»

የምመልሰው ቃል አጣሁ። ሊሎንግዌ ከአዲስ አበባ ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ጨዋታው 2 ለ 0 አለቀ፤ ግብጽን አሸነፍን። በ1954 ዓ.ም. ከአጥር ውጭ ቆመው የሰሙ ሰው፥ ከ60 ዓመት በኋላ ያንኑ ባላጋራ ስናሸንፍ በመስታወት ውስጥ አዩ። ያኔ ጩኸቱ ነበራቸው፥ ማየት ቀረባቸው፤ አሁን ማየቱ ተገኘ፥ ጩኸቱ ቀረ።

በዚያ ሰሞን በቡና ቤታችን ሁሉም ተቈጣ። እኔም ከሁሉ ይልቅ በሚዛኑ ላይ ተቈጣሁ፤ «ቁጥር በተጻፈበት ወንበርና በመብራት ብዛት የሕዝብ ፍቅር ይለካልን?» እያልሁ ተናገርሁ። ቈይቼ ሳስበው ግን ቍጣዬ እያፈረ ሄደ። በእንግሊዝ አገር በ1981 ዓ.ም. ሸፊልድ ከተማ በሚገኘው በሂልስቦሮ ስታዲየም በግፊያ የተረገጡ 97 ሰዎች ሞተዋል። የእንግሊዝ ደጋፊዎችም ያንን ቆሞ ማየትና መጨናነቅ ይወዱት ነበር፤ ከዚያ መከራ በኋላ ግን ታላላቆቹ ስታዲየሞች ሁሉም ሰው የሚቀመጥባቸው እንዲሆኑ ተደረገ። በ1993 ዓ.ም. በጋና ዋና ከተማ በአክራ ስታዲየም ከ120 በላይ ሰዎች መውጫ አጥተው አልቀዋል። እንግዲህ የወንበሩ ቁጥር፥ የበሩ ስፋትና የሕክምናው ክፍል በደብተር የተጻፉት በከንቱ አይደለም፤ በሰው ሕይወት ተከፍሎባቸዋል።

ደግሞስ ያ ደብተር የሚጠይቀው ከአጎቴ ጥያቄ በምን ይለያል? ልጅ ከፊት ሆኖ ያያል ወይ፥ ሽማግሌ ይቀመጣል ወይ፥ ሰው በደኅና ገብቶ በደኅና ይወጣል ወይ ነው የሚለው። የሸነኑ ገበሬና የኮንፌዴሬሽኑ መርማሪ ሳይተዋወቁ በአንድ ቃል ተስማምተው ነበር። ከሁለቱ የተለየሁት እኔ ነበርሁ። ፍቅር አለን እያልን ጉድለቱን ሁሉ ሸፍነነዋል፤ ፍቅራችንም በሩ ላይ የቀረውን ሽማግሌ ሳያይ አልፏል። በእርግጥ ስም፥ ትዝታና ጩኸት የሌለው ግንብ ባዶ ጎተራ ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱን ደጅ የሚያስቀር ቤትም ቤት ነው ለማለት ያስቸግራል።

አጎቴ በ2016 ዓ.ም. ዐረፉ። ዐይናቸው ዕዳውን አልተቀበለም፤ ባለዕዳውም እኔ ነኝ። ለተዝካራቸው ሸነን በሄድሁ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ወደ ጉብታው ወጣሁ። ልጆች ከታች ይጫወታሉ፤ እንደ ድሮውም ጎል በመምረጥ ይጣላሉ። ከጽድዋ ሥር ተቀምጬ ሦስቱን ጥያቄ አንድ በአንድ አነሣሁ፤ ሜዳውም ሦስቱንም መለሰልኝ።

በአዲስ አበባ 62,000 ሰው እንዲይዝ የታቀደው የአደይ አበባ ስታዲየም ሥራ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ በየክፍለ ሀገሩም ግንብ ሲነሣ እናያለን። አሁን በቡና ቤታችን ክርክር ሲነሣ እኔ የማወዳድረው በስፋትም በድምፅም አይደለም። አንድ የ68 ዓመት ሰው ከሸነን ተነሥቶ፥ የማንም ደጋፊነት ሳያስፈልገው በበሩ ገብቶ፥ ተቀምጦ አይቶ በሰላም ወደ ቤቱ የሚመለስበት የትኛው ነው? ብዬ እጠይቃለሁ። ሹፌሩም፥ መምህሩም፥ ልብስ ሰፊውም፥ ተማሪውም ለጊዜው ዝም ይላሉ። ይህንን ዝምታ በጩኸት የሚመልስ ሜዳ እስኪሠራ ድረስ የአንደኝነቱን ስፍራ ለሸነን ጉብታ ሰጥቻለሁ።